አገጯ ሥር ያበጠች በግ፦ የአለርጂ መርፌ ከማስወጋታችሁ በፊት የሚሠራ የትል ሕክምና፣ ደረጃ በደረጃ

ማታ ከግጦሽ ስትመለስ አንዲት በግ አገጯ ሥር አብጦ ታዩታላችሁ። "አንድ ነገር ነድፏት ይሆናል" ብላችሁ የአለርጂ መርፌ ታስወጓታላችሁ። ጠዋት ስትነሱ እብጠቱ ቀንሷል። ደስ ይላችኋል። ማታ ግን ተመልሶ ይመጣል። ሌላ መርፌ ይጨመራል። በሁለተኛው ሳምንት በጓ ትወድቃለች።

ይህን ታሪክ ስንቴ እንደሰማሁት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። መርፌው ምንም አልሠራም ነበር። እብጠቱ ጠዋት የሚቀንሰው በጓ ሌሊቱን አንገቷን ቀና አድርጋ ስለምታድር ነው። ከቆዳዋ ሥር የተጠራቀመው ውኃ ቀስ እያለ ወደ ሰውነቷ ይመለሳል። ቀን አንገቷን ደፍታ ስትግጥ ውኃው እንደገና ወደ አገጯ ይወርዳል። በጓን የገደላት አለርጂ አይደለም፤ ደሟን የሚመጥ የሆድ ትል ነው።

መመሪያው የተጻፈው ለበግና ለፍየል ነው። አብዛኛው ለላምና ለጥጃም ይሠራል፤ ልዩነት ያለበት ቦታ ላይ እነግራችኋለሁ።

## መጀመሪያ ይህን ያዙ፦ ሂስታሚን የእንስሳዋ መሣሪያ ነው

ትሉ ወደ በግ ሆድ የሚገባው ሣር ላይ ባለ እጭ ነው። እጩ የጨጓራውን ግድግዳ ሲነካ ሰውነት ባዕድ ነገር መግባቱን ያውቃል። በጓ ትሉን ከዚህ በፊት የምታውቀው ከሆነ ዝግጅቱ አስቀድሞ አለ። አይጂኢ የሚባለው አንቲቦዲ ማስት ሴል በሚባሉ ሕዋሳት ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል። ከትሉ የሚወጣው ነገር ሲነካው ማስት ሴሉ የያዘውን ሁሉ ይረጫል። ከሚረጨው አንዱ ሂስታሚን ነው።

ሂስታሚን ትንንሽ የደም ሥሮችን ያላላል፤ ፈሳሽና አንቲቦዲ ወደ ጨጓራው ግድግዳ ይጎርፋሉ። የአንጀት ጡንቻን ያኮማትራል። ንፍጡም ይበዛል። ትሉ የሚይዘው ነገር ያጣል፤ ተጠርጎ ይወጣል። ኢዮሲኖፊል የሚባሉት የደም ሕዋሳት ደግሞ እጩን ከበው ያጠቁታል።

በበጎች ላይ ይህ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ጊዜ አለ። አዲስ እጭ በብዛት ሲውጡ አሮጌው ትል ጭምር በአንድ ጊዜ ይወጣል። ኖርማን ስቶል የተባለ ተመራማሪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1929 ጽፎታል። በ1950ዎቹ በተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ በዚያ ሰዓት በደም ውስጥ ያለው ሂስታሚን ለጥቂት ጊዜ ከፍ ሲል ታየ። ፀረ ሂስታሚን የተሰጣቸው በጎች ላይም ትል የማባረሩ ሥራ በከፊል ተዳከመ።

ስለዚህ የአለርጂ መድኃኒት፣ ማለትም ፀረ ሂስታሚን፣ አንድም ትል አይገድልም። ደም መምጠጡንም አያስቆምም። እንዲያውም እንስሳዋ ከምትዋጋባቸው መሣሪያዎች አንዱን ያደነዝዛል።

ይህን ስላልኩ ግን መድኃኒቱን አትፍሩት። ሂስታሚን ከብዙ መሣሪያዎች አንዱ ብቻ ነው። ለእውነተኛ አለርጂ አንድ ጊዜ ቢሰጥ የእንስሳዋን መከላከያ አያፈርስም። ጥፋቱ ትል ላለባት በግ የአለርጂ መርፌ እያስወጉ ቀን መቁጠሩ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከፀረ ሂስታሚን ይልቅ የሚያሳስበኝ አብሮት የሚወጋው ዴክሳሜታዞን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ነው። ብዙዎች ሁለቱን አንድ ላይ "የእብጠት መርፌ" ይሏቸዋል። ዴክሳሜታዞን የሰውነትን መከላከያ በደንብ ያወርዳል፤ ትሉ ይበዛል፣ እንቁላሉም ይጨምራል። እርግዝናዋ የገፋ እንስሳን ደግሞ ሊያስወርዳት ይችላል። መርፌው ውስጥ ምን እንዳለ ሳትጠይቁ አታስወጉ።

## ደረጃ 1፦ ዕቃችሁን ቀድማችሁ አዘጋጁ

እንስሳዋን ከያዛችሁ በኋላ ዕቃ ፍለጋ መሮጥ ሥራውን ያበላሻል። እነዚህን አስቀድማችሁ አቅርቡ፦

1. ሚዛን። ከሌለ ደረት ላይ የሚጠቀለል የክብደት መለኪያ ሜትር።
2. የሙቀት መለኪያ።
3. ጓንትና ትንንሽ ላስቲክ ከረጢቶች፣ መጻፊያ እስክሪብቶ።
4. ጫፉ ድብልብል የሆነ የመጋቻ ሲሪንጅ። ስለታም ጫፍ ጉሮሮ ይበሳል።
5. ሚሊ ሊትር የተጻፈበት መለኪያ።
6. የታከመችውን ለመለየት ቀለም ወይም ጠመኔ።
7. ደብተር።
8. አድሬናሊን፣ አንድ ሚሊ ሊትሩ 1 ሚሊ ግራም የያዘ። ይህን ከእንስሳት ሐኪማችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ቀድማችሁ ያዙ። ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 6 ላይ ታዩታላችሁ።

መጋቻውን በውኃ ፈትሹት። 10 ሚሊ ሊትር ላይ አድርጋችሁ መለኪያው ውስጥ ግፉት። 8 ብቻ ከወጣ በጎቻችሁን ሁሉ ከሚገባው በታች ልታጠጡ ነበር ማለት ነው። ጎማውን ቀይሩ፤ ካልተስተካከለ መጋቻውን ጣሉት።

## ደረጃ 2፦ እብጠቱን ለዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አብዛኛው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው።

እብጠቱን በአውራ ጣታችሁ አምስት ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ልቀቁት። ከዚያ የሙቀት መጠኗን ለኩ። ዐይኗን፣ ከንፈሯንና ጆሮዋንም እዩ።

የትል እብጠት ከሆነ። ለስላሳና ቀዝቃዛ ነው። ስትጫኑት አያማትም። የጣታችሁ አሻራ ጎድጉዶ ይቀራል። ማታ ይብሳል፣ ጠዋት ይቀንሳል። ትሉ ደሟን ሲጨርስ በደም ውስጥ ያለው ፕሮቲንም ያልቃል፤ ውኃውን ደም ሥር ውስጥ የሚያቆየው እሱ ነበር። የጉበት ትልም ልክ ይህንኑ እብጠት ያመጣል።

አለርጂ ከሆነ። ድንገት ይመጣል። መርፌ ከተወጋች፣ አዲስ መኖ ከበላች ወይም ንብ ከነደፋት በኋላ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ታዩታላችሁ። የሚያብጠው አገጭ ብቻ አይደለም፤ የዐይን ሽፋን፣ ከንፈር፣ ጆሮ፣ አንዳንዴም እምስ አካባቢ ያብጣል። ቆዳዋ ላይ ክብ ክብ ሽፍታ ሊወጣ ይችላል። የዐይኗ ውስጥ ግን ቀይ እንደሆነ ነው።

መግል ከሆነ። ጠንካራ ነው፣ ይሞቃል፣ ያማታል። ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ነው።

እባብ ከሆነ። ድንገተኛ፣ በጣም የሚያም፣ በፍጥነት የሚሰፋ እብጠት ነው። ሐኪም ጥሩ፤ አትጠብቁ።

ትኩሳት ካለ። የበግ ጤናማ ሙቀት ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከ40 በላይ ሆኖ ፊቷ በሙሉ ካበጠ፣ አፏ ከቆሰለ፣ ንፍጥ ካለባት ብሉታንግ ወይም ሌላ ተላላፊ በሽታ ሊሆን ይችላል። ለይታችሁ አቆዩአትና ለሐኪም አሳውቁ። ይህ መመሪያ ለእሷ አይደለም።

ለመለየት ከተቸገራችሁ ጠዋትና ማታ ፎቶ አንሱ። ጎን ለጎን ስታዩት ይገለጥላችኋል።

ሐኪሙ የደም ምርመራ አድርጎ "ኢዮሲኖፊል ከፍ ብሏል" ቢላችሁ እሱን ብቻ ይዛችሁ አለርጂ ነው አትበሉ። ኢዮሲኖፊል በትልም በአለርጂም ከፍ ይላል።

## ደረጃ 3፦ የዐይኗን ውስጥ እዩ

ደም መጣጩ የጨጓራ ትል ሄሞንከስ ይባላል። አንዱ ትል በቀን 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያጠፋል። ትንሽ ይመስላል። 5,000 ትል ያለባት በግ ግን በቀን 250 ሚሊ ሊትር ደም ታጣለች ማለት ነው።

1. እንስሳዋን በቀን ብርሃን ያዙ። በጥላ ውስጥ ወይም በባትሪ መብራት አትፍረዱ።
2. በአውራ ጣታችሁ የላይኛውን የዐይን ሽፋን በቀስታ ወደ ዐይኑ ገፋ አድርጉ።
3. በሌላው አውራ ጣት የታችኛውን ሽፋን ወደ ታች ሳቡ።
4. ቀዩን የውስጥ ገጽ ወዲያው አንብቡ። ቆይታችሁ ካያችሁት ቀለሙ ይለወጣል።
5. ሁለቱንም ዐይን እዩ። ከተለያዩ የገረጣውን ውሰዱ።

ፋማቻ የሚባለው የቀለም ካርድ ካላችሁ ዐይኑ ሥር አስጠግታችሁ አወዳድሩ። 1 ደማቅ ቀይ ነው፣ 5 ነጭ ነው። 4 እና 5 ወዲያው ይታከማሉ። 3 ከሆነች ግልገል፣ እርጉዝ፣ የምታጠባ ወይም የከሳች እንደሆነች አክሟት። 1 እና 2 ደህና ናቸው፤ አትንኳቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ 5 የሆነችን በግ አታሯሩጡ። ደም የላትም። ለመያዝ ስትባረር ወድቃ ልትሞት ትችላለች። ባለችበት ቀስ ብላችሁ ያዟት።

ዐይኗ ቀይ ሆኖ ካስቀመጣት፦ ሄሞንከስ ብዙ ጊዜ አያስቀምጥም፤ በጠጧ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ተቅማጥ የሚያመጡት ሌሎች የሆድ ትሎች ናቸው። እነሱ ደግሞ ዐይን ላይ አይታዩም። ስለዚህ ዐይኗ ቀይ ነው ብላችሁ አትለፏት፤ ወደ ደረጃ 4 ሂዱ።

## ደረጃ 4፦ በጠጥ ሰብስቡና አስቆጥሩ

መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት ነው። ከሰጣችሁ በኋላ የምትሰበስቡት መነሻ ሊሆናችሁ አይችልም። ከዚህ ደንብ ውጪ የምትሆነው 4 ወይም 5 ሆና የተገኘች በግ ናት፤ ናሙናዋን ውሰዱና ውጤት ሳትጠብቁ አክሟት።

1. ጓንት አድርጋችሁ በቀጥታ ከፊንጢጣዋ ውሰዱ። መሬት ላይ የወደቀ የማን እንደሆነ አይታወቅም።
2. ከእያንዳንዷ 5 ግራም ያህል ይበቃል። ከተቻለ ከአሥር እንስሳት ውሰዱ።
3. ከረጢቱን አየሩን አስወጥታችሁ እሰሩት። የእንስሳዋን መለያና ቀኑን ጻፉ።
4. አቀዝቅዙት፤ ግን በረዶ አይሁን። ሙቀት ላይ ከቆየ እንቁላሉ ይፈለፈላል፣ ቆጠራውም ይሳሳታል።
5. በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ አድርሱ።

ራሳችሁ ማይክሮስኮፕና ማክማስተር የሚባለው የመቁጠሪያ መስታወት ካላችሁ 4 ግራም በጠጥ በ56 ሚሊ ሊትር የጠገበ የጨው ውኃ ውስጥ ፍጩ፣ አጥልሉ፣ ሁለቱን ክፍሎች ሙሉ። አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ እንቁላሉ ይንሳፈፋል። በሁለቱ ክፍሎች መስመር ውስጥ የቆጠራችሁትን ደምሩና በ50 አባዙት። በአንድ ግራም ውስጥ ያለው የእንቁላል ብዛት ነው።

ውጤቱ ዜሮ ሆኖ በጓ ግን ከገረጣች፦ ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ ትሉ ገና ወጣት ሊሆን ይችላል። እንቁላል መጣል የሚጀምረው ከገባ ሦስት ሳምንት አካባቢ ሲሆነው ነው፤ ደም መምጠጥ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። ሁለተኛ፣ የጉበት ትል ሊሆን ይችላል። የጉበት ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ በጨው ውኃ ላይ አይንሳፈፍም። ላቦራቶሪውን "በማዝቀጥም እዩልኝ" በሉ።

## ደረጃ 5፦ መዝኑ፣ አስሉ፣ ጋቱ

በዓይን ግምት ክብደት አትናገሩ። እኔ ራሴ ብዙ ዓመት በጎች ይዤ ስገምት አሁንም አምስትና ስድስት ኪሎ እሳሳታለሁ። ሚዛን ላይ ስታወጧት ነው የምታውቁት። ሁሉንም መመዘን ካልቻላችሁ በዕድሜና በመጠን ከፋፍሏቸው፤ ከየቡድኑ ከባዷን መዝናችሁ በእሷ ልክ ስጡ። በአማካይ ክብደት ከሰጣችሁ ግማሾቹ ከሚገባቸው በታች ይደርሳቸዋል። ትል መድኃኒትን የሚለምደው እንዲህ ነው።

ስሌቱ። አልቤንዳዞል የሚባለው የትል መድኃኒት መጠን ለበግ ብዙ ጊዜ በኪሎ 7.5 ሚሊ ግራም ነው። በጓ 32 ኪሎ ብትሆን 240 ሚሊ ግራም ያስፈልጋታል። ጠርሙሱ ላይ 2.5 በመቶ ከተባለ አንዱ ሚሊ ሊትር 25 ሚሊ ግራም ይዟል፤ ስለዚህ 9.6 ሚሊ ሊትር ትሰጣላችሁ። 10 በመቶ ከሆነ ግን 2.4 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። አንድ ስም፣ ሁለት ጠርሙስ፣ አራት እጥፍ ልዩነት! መቶኛውን ሳታነቡ አትቅዱ። የጠርሙሱ ወረቀት ሌላ መጠን ካለ እሱን ተከተሉ።

ለፍየል። የፍየል ሰውነት መድኃኒቱን ከበግ ቶሎ ያስወግዳል። ስለዚህ አልቤንዳዞል ብዙ ጊዜ የበጉን እጥፍ ይሰጣታል፤ ሐኪማችሁን አስወስኑ። ሌቫሚዞል የሚባለውን ሌላ የትል መድኃኒት ግን በፍጹም እጥፍ አታድርጉ። ከበጉ አንድ ተኩል ጊዜ በላይ ከሄደ ይመርዛል።

ለእርጉዝ። አልቤንዳዞልን በእርግዝናዋ መጀመሪያ ወር ላይ ላለች በግ አትስጡ፤ ጽንሱን ይጎዳል። ለላም እስከ 45 ቀን ተጠንቀቁ።

አሁን ጋቱ፦

1. ጤነኛ ከሆኑ ከመኖ ለ12 ሰዓት አቆዩአቸው። ውኃ ግን አትከልክሉ። ሆድ ሲጎድል መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ትሉን በደንብ ያገኘዋል። ለከሳች፣ ለደከመችና እርግዝናዋ ለገፋ ግን አታስጹሙ።
2. ጠርሙሱን በደንብ ናጡት። መድኃኒቱ ታች ይዘቅጣል።
3. በጓን ግድግዳ አስደግፋችሁ በእግራችሁ መሐል ያዟት።
4. አንገቷን በተፈጥሮ እንደምትይዘው አድርጉ። ወደ ላይ አታንጋጡት።
5. መጋቻውን በአፏ ጎን፣ ጥርስ በሌለበት ክፍተት አስገቡ። ጫፉ ከምላሷ ጀርባ ላይ ይድረስ።
6. ቀስ ብላችሁ ግፉ። ስትውጥ ጠብቁ።
7. ቀለም ቀቡ፣ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ልቀቋት።

ስትጋት ካሳላት፦ ወዲያው አቁሙ። አንገቷን ዝቅ አድርጉላት። ወደ ሳንባዋ ገብቶ ይሆናል። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ትኩሳትና ፈጣን ትንፋሽ ካያችሁባት ለሐኪም አሳዩ።

ከተፋችው፦ የተፋችውን መጠን በግልጽ ካያችሁ ያንኑ ያህል መልሱላት። ካላወቃችሁ ሐኪም ሳትጠይቁ ሙሉውን አትድገሙ፤ በተለይ ሌቫሚዞልን።

ማስጠንቀቂያ፦ ለላም ጀርባ ላይ የሚፈስሰውን መድኃኒት ለበግና ለፍየል አታፍስሱ። መጠኑም አወሳሰዱም ለእነሱ የተሠራ አይደለም።

## ደረጃ 6፦ ከሰጣችሁ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ጠብቁ

የአለርጂ መድኃኒት ቦታ እዚህ ነው። ግን እዚህም ቢሆን ቅደም ተከተል አለው።

ሀ. ሽፍታና ቀላል እብጠት ብቻ ከሆነ። ትቆማለች፣ በደንብ ትተነፍሳለች፣ የዐይን ሽፋኗ አብጧል። ለሐኪም ደውሉ። ክሎርፌኒራሚን ወይም የመሰለውን ፀረ ሂስታሚን ሊያዝላችሁ ይችላል። መድኃኒቱ ገና ያልሠራውን ሂስታሚን መግቢያ ይዘጋል እንጂ የወጣውን እብጠት ወዲያው አያጠፋም። ስለዚህ በአሥር ደቂቃ አልቀነሰም ብላችሁ አትድገሙ። እንቅልፍ ያስይዛል፤ ገደል ወይም ጉድጓድ ካለበት አርቃችሁ አቆዩአት።

ለ. ትንፋሽ ካጠራት፣ አረፋ ከደፈቀች ወይም ከወደቀች። ይህ አደገኛው አለርጂ ነው። በበግና በላም ሳንባ ላይ ይበረታል። ፀረ ሂስታሚን ፍለጋ አትሩጡ፤ አይደርስም። መጀመሪያ የሚሰጠው አድሬናሊን ነው። መጠኑ በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም፣ በጡንቻ ነው። ለ30 ኪሎ በግ 0.3 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ቀና አድርጋችሁ በደረቷ አስተኟት፤ በጎኗ አይሁን። ሐኪም ጥሩ። በ10 ወይም 15 ደቂቃ ካልተሻላት ሐኪሙ እንድትደግሙ ሊነግራችሁ ይችላል። ፀረ ሂስታሚን ከዚያ በኋላ፣ ሐኪሙ ካዘዘ፣ እንደ ረዳት ይመጣል።

ሐ. ለሃጭ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቅበጥበጥ። ሌቫሚዞል ሰጥታችሁ ከሆነ ይህ አለርጂ ላይሆን ይችላል። መጠኑ በዝቶባታል። ብዙዎች ሽፍታ የሌለበትን መንቀጥቀጥ አይተው የአለርጂ መርፌ ይወጋሉ፤ አይረዳትም። ጸጥ ያለ ቦታ አስቀምጧት፣ ለሐኪም የሰጣችሁትን ሚሊ ሊትር ንገሩ።

መ. የሳንባ ትል ከነበረባት ሳል ሊብስ ይችላል። የሞቱት ትሎች ሳንባ ውስጥ ስለሚቀሩ ሰውነት በእነሱ ላይ ይቆጣል። ለጥቂት ቀን አቧራ ከሌለበት ቦታ አቆዩአት። አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ ሐኪም ይያት።

ሠ. ለላሞች ብቻ። በቆዳ ሥር የሚኖረው የዝንብ እጭ በሰውነት ውስጥ እየተጓዘ ሳለ በአይቨርሜክቲን ከተገደለ፣ በጉሮሮ አካባቢ ወይም በአከርካሪ ውስጥ እብጠት ይፈጥራል። ሆዷ ሊነፋ ወይም የኋላ እግሯ ሊዝል ይችላል። ይህ ዝንብ ባለበት አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ወቅቱን ከሐኪም ጋር ወስኑ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከቤታችሁ የሰው ጉንፋን ሽሮፕ "ፀረ ሂስታሚን አለው" ብላችሁ አትስጡ። ሌላ ብዙ ነገር ተቀላቅሎበታል። ወተቷና ሥጋዋም መቼ እንደሚጠራ የሚነግራችሁ ወረቀት የለም። በትሉም ሆነ በአለርጂው መድኃኒት ላይ የተጻፈውን የወተትና የሥጋ ቀን ሳትጠብቁ ለምግብ አታውሉ።

## ደረጃ 7፦ መልሳችሁ ገንቧት

ትሉ ቢሞትም ደሙ ወዲያው አይመለስም። አንቲቦዲውም፣ ንፍጡም፣ አዲሱ የጨጓራ ግድግዳም የሚሠሩት ከፕሮቲን ነው። ጭድ ብቻ የምትበላ በግ የምትዋጋበት ነገር የላትም። አልፋልፋ፣ የጥራጥሬ ተክል ድርቆሽ ወይም ፋጉሎ ጨምሩላት። ፋጉሎውን ቀስ በቀስ አስለምዷት፤ በአንዴ ከበዛ ሆዷን ይነፋል።

እብጠቱ በጥቂት ቀናት መቀነስ አለበት። የዐይኗ ቀለም ግን ሳምንታት ይፈልጋል። በሳምንት አንድ ጊዜ እያያችሁ ጻፉ። በሁለተኛው ሳምንት ከ5 ወደ 4 እንኳ ካልመጣች ወደ ሚቀጥለው ደረጃ ስትሄዱ በተለይ እሷን አስመርምሩ።

## ደረጃ 8፦ በ14ኛው ቀን እንደገና አስቆጥሩ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘሉታል። እባካችሁ አትዝለሉት። መድኃኒቱ መሥራቱን የምታውቁት እዚህ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ከወሰዳችሁባቸው ከእነዚያው እንስሳት በጠጥ ውሰዱ። ሌቫሚዞል ከነበረ ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቁ፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ውሰዱ። አማካዩን አስሉ። ፊት 1,200 ሆኖ አሁን 40 ከሆነ ቅነሳው 96.7 በመቶ ነው፤ ጥሩ ነው። 300 ከሆነ ግን 75 በመቶ ብቻ ቀንሷል። ከ95 በመቶ በታች ሲሆን ችግር አለ።

ወዲያው "ትሉ ለምዷል" ከማለታችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ። ሚዛኑ ትክክል ነበር? መጋቻው ተፈትሿል? ጠርሙሱ ተንጧል? ጊዜው አላለፈበትም? ፀሐይ ላይ አልቆየም? ሁሉም ደህና ከሆነ መድኃኒቱን ቀይሩ። ስትቀይሩ ግን የንግድ ስም አትቀይሩ፤ ቤተሰቡን ቀይሩ። አልቤንዳዞልና ፌንቤንዳዞል አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሌቫሚዞል ሌላ ነው። አይቨርሜክቲን ሌላ ነው። አንዱ ቤተሰብ ካልሠራ ወንድሙም አይሠራም። ሐኪማችሁ የሁለት ቤተሰብ መድኃኒት በአንድ ቀን፣ እያንዳንዱን በሙሉ መጠኑ ሊያዝ ይችላል። በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ራሳችሁ አትቀላቅሉ።

## ደረጃ 9፦ ከሣሩ ላይ ቀንሱ

1. በሙቀትና በእርጥበት ወቅት እንቁላሉ በሳምንት ውስጥ የሚያስይዝ እጭ ይሆናል። አብዛኛው እጭ ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ነው። ሣሩ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ሲያጥር በጎቹን አንሱ።
2. አዲስ የመጣች እንስሳን ከመንጋው ለይታችሁ አክሙ። ከታከመች በኋላ ለ48 ሰዓት በረት ውስጥ ትቆይ። በ14ኛው ቀን ተመርምራ ትቀላቀል።
3. መንጋውን በሙሉ በአንድ ቀን አትጋቱ። ደህና የሆኑት ሲቀሩ መድኃኒት ያልነካቸው ትሎች ይተርፋሉ፤ የለመዱትን ያሳንሷቸዋል።
4. ከታከሙ በኋላ ወዲያው ወደ ንጹሕ መስክ አትውሰዷቸው። እዚያ የሚዘራው የተረፈው፣ ማለትም መድኃኒቱን የቻለው ትል ብቻ ይሆናል።
5. ግልገሎችንና ከወለዱ ሁለት ወር ያልሞላቸውን እናቶች በመጀመሪያ እዩ። የግልገል መከላከያ እስከ ግማሽ ዓመት አካባቢ ገና ነው። የእናቲቱም መከላከያ በወሊድ ሰሞን ይወርዳል፤ በበጠጧ ብዙ የትል እንቁላል የምትጥለው ያን ጊዜ ነው።

ደብተሩን በወቅቱ መጨረሻ አውጡ። አንድም ጊዜ ሳትታከም የከረመችውን በግ ምልክት አድርጉባት፤ የሚቀጥለው አውራ ከእሷ ግልገሎች ይመረጥ። ሦስትና አራት ጊዜ የታከመችውን ደግሞ ለዘር አታስቀሩ።